ሲስተር አመለወርቅና የኮልፌ ላቲን

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ስለ ሟቹ የሚወራውን ስትሰሙ፣ የተሳሳተ ድንኳን የገባችሁ መስሏችሁ ያውቃል? እኔ ባለፈው ጥቅምት ሳንሱሲ ውስጥ በተጣለ ድንኳን ይህ ደርሶብኛል። «እጅግ ታጋሽ ነበሩ» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት። «ቁጣ የሚባል ነገር አያውቁም» አለ ማዶ ያለው ሰውዬ። «ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም» ሲባል ግን ቀና ብዬ ጠረጴዛ ላይ የቆመውን ፎቶ እንደገና አየሁት። ድንኳኑን አልተሳሳትኩም። ያው ወፍራም መነጽር፣ ያው ግራጫ ሹራብ፣ ፎቶ አንሺውን «ገና አልጨረስክም?» የሚለው ያው ፊት። ሲስተር አመለወርቅ ናቸው።

መምህርት ስለሆንኩ ነገር በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ። ስለዚህ ከስማቸው ልጀምር። አመለወርቅ ብለው የሰየሟቸው ወላጆች ልጃቸውን ገና አላወቋትም ነበር፤ በዚህ አይፈረድባቸውም። «ሲስተር» የሚለው የመጣው ደግሞ ወጣትነታቸውን በካቶሊክ ገዳም ስላሳለፉ ነው። ገዳሙን እሳቸው ቢለቁትም ማዕረጉ እሳቸውን አልለቀቀም። ለምን እንደወጡ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ሾርባው አልተስማማኝም።» የሰፈሩ ሴቶች ሲስተር ሲባል የሚያውቁት ነርስ ስለሆነ መንገድ ላይ እያስቆሙ ስለ ደም ግፊታቸው ያማክሯቸው ነበር። ሲስተርም በላቲን አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይመልሱላቸዋል። ሴቶቹ አመስግነው ይሄዳሉ። አንዷ በጣም እንደተሻላት እኔው ፊት መስክራለች።

ቀጥሎ፣ ላቲን ኮልፌ ምን ይሠራል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንግሊዝኛ የማስተምርበት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የጀመረ ጊዜ የእኛው ባለቤት አቶ ደሳለኝ እንቅልፍ አጡ። ከዚያ አንድ ሰው ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅ መሆኑን ነገራቸው። ሌሎች ልጅቷን ከቀጠሩ እሳቸው እናቲቱን መቅጠር እንዳለባቸው በዚያው ቀን ወሰኑ። በማግሥቱ በሩ ላይ «ላቲን የሚሰጥበት እጅግ ምርጡ ትምህርት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። አስተማሪው የተፈለገው ከሰሌዳው በኋላ ነው።

ሲስተር የመጡ ቀን ሰሌዳው ሥር ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ይህን ሲያደርጉ አንድ ሰው ሊዋረድ እንደሆነ በኋላ ሁላችንም ተምረናል። አቶ ደሳለኝ ግን ለሲስተር ገና አዲስ ስለነበሩ ፈገግ ብለው ቆሙ።

«ላቲን የሚሰጥበት ሌላ ትምህርት ቤት እዚህ አለ እንዴ?» አሉ ሲስተር።

«የለም ሲስተር። እኛ ብቻ ነን።»

«ታዲያ ማንን በልጠህ ነው?»

አቶ ደሳለኝን «አንተ» የሚሉት በግቢው ውስጥ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላ ላቲን አስተማሪ ቢገኝ ኖሮ በዚያው ደቂቃ ይሰናበቱ ነበር። ግን ከየት ይምጣ?

ለትምህርቱ የተመዘገቡት ልጆች አብዛኞቹ የነጋዴ ልጆች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ላቲን ለሕክምና ይጠቅማል ሲባል ሰምተዋል፤ ልጆቹ ደግሞ ፈተና የለውም ሲባል ሰምተዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እኔ ነጻ ክፍለ ጊዜዬን እየተጠቀምኩ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ሲስተር ሰሌዳው ላይ ማኪና፣ ፋብሪካ፣ ፎርኖ፣ ባኞ ብለው ጻፉና ዞሩ።

«እነዚህን የማያውቅ አለ?»

ማንም የለም።

«ጣሊያን ነው ያመጣቸው ትላላችሁ። ጣሊያን ደግሞ ከአያቱ ወረሳቸው። አያቱ ላቲን ነው። ስለዚህ ትምህርት የጀመርነው ዛሬ አይደለም፤ እናንተ ሳታውቁት ስትማሩ ነው የኖራችሁት። ኩራት አያስፈልግም፤ አውቃችሁት ቢሆን ነበር የሚያኮራው።»

ናሆም የሚባል ነገረኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ ቤርጎስ?»

«ቤርጎ ላቲን አይደለም። አንተም እዚያ ጉዳይ የለህም። ተቀመጥ።»

የሮማን ኑሮም እንዲሁ ነበር የሚያስተምሩት። ሮማውያን እንደ እኛ እድር ነበራቸው፤ መዋጮ የሚያዋጡ፣ አባል ሲሞት የሚቀብሩ ማኅበሮች ማለት ነው። ድሃው ሮማዊ እላይ በላዩ በተደራረበ ፎቅ ቤት ይኖር ነበር፣ ውሃም ላይኛው ፎቅ ድረስ አይወጣም ነበር። ይህን ሲናገሩ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ሰሚራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ሲስተር፣ ሮማ ሠለጠነች የሚባለው ምኗ ነው?»

«ቅሬታቸውን በጽሑፍ ነበር የሚያቀርቡት» አሉ ሲስተር፤ «አንቺም አንድ ቀን ትደርሺበታለሽ።»

ዋናው ትምህርት ግን ማወዳደር ነበር። ጥሩ፣ የተሻለ፣ ከሁሉ የተሻለ፤ በላቲን ቦኑስ፣ ሜሊዮር፣ ኦፕቲሙስ። ሌላ አስተማሪ ይህን አስጽፎ፣ አስጠንቶ ያልፋል። እኔ ብሆን በሠንጠረዥ፣ በሦስት ቀለም አደርገው ነበር፤ አድርጌም አሳይቻቸው ነበር። ሠንጠረዡን ተመልክተው፣ «ሐያት፣ ልጆቹ ገብቷቸዋል። አሁን የምታስረጂው ለግድግዳው ነው» አሉኝ። የእሳቸው መንገድ ሌላ ነው። በክፍላቸው ውስጥ አንድን ነገር «ጥሩ» ለማለት በዓይን ማየት ያስፈልጋል። «የተሻለ» ለማለት ሌላውንም ማየት ያስፈልጋል። «ከሁሉ» ያለ ሰው ሁሉንም አምጥቶ ግድግዳው ሥር ያሰልፋል። ረጅሙ ልጅ ማነው ሲባል ረጃጅሞቹ በሙሉ ጫማቸውን አውልቀው ተለክተዋል።

ናሆም አንድ ቀን በላቲን ኮልፌ ከሁሉ የተሻለ ሰፈር ነው አለ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ስህተት አልነበረውም። ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሌላ የት ኖረሃል?»

«ቤቴል። አክስቴ ጋ፣ አንድ ክረምት።»

«እንግዲያው ኮልፌ ከቤቴል የተሻለ ነው በል። የቀረውን ዓለም አይተህ ስትመለስ ክፍሉ ክፍት ነው።»

ክፍሉ ግን ክፍት ሆኖ መቆየቱ አጠራጣሪ ሆነ። ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ሮቦቲክስ ጀመረ። አቶ ደሳለኝ እንደገና እንቅልፍ አጡ። ሮቦቲክስ ክፍል ይፈልጋል፣ ትርፍ ክፍል ደግሞ ያለን የላቲኑ ብቻ ነው። ሲስተርን ቢሯቸው ጠርተው፣ የወላጆች ቀን በዓል ላይ ላቲን የሕዝብ ዓይን ከገባ እንደሚቀጥል፣ ካልገባ እንደሚዘጋ ነገሯቸው። እኔም የበዓሉ አስተባባሪ ስለነበርኩ እዚያው ነበርኩ።

ስንወጣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ቆም አሉ። ብቻቸውን በአንድ ክፍል ቤት እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ስለ ራሳቸው ነግረውኝ አያውቁም።

«ይሄ ክፍል ከተዘጋ» አሉኝ፣ «በላቲን የማወራው ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ይሆናል። እሱ ደግሞ ስሳሳት አያርመኝም።»

የሚያጽናና ነገር ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «አታስረጂኝ።»

ያሰቡት የሮማን የድል ሰልፍ ነበር። ድል ያደረገ የጦር መሪ ወደ ከተማው ሲገባ መለከት ይነፋለታል፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይወጣል፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ባሪያ ቆሞ ሟች መሆኑን ያስታውሰዋል። ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስለሌለው በዓሉ የሚደረገው ራቅ ብሎ ባለ የኪራይ አዳራሽ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከግቢ ተነሥተው በሰፈሩ መሀል እየተሰለፉ ይመጣሉ። አቶ ደሳለኝ ዕቅዱን ወደዱት። ሁለት ማሻሻያ ብቻ አደረጉ።

«ይቺ የሟች ነገር ትውጣ» አሉ፤ «ወላጅ ይደብረዋል። ከፊት ደግሞ የእኔ ፎቶ ይያዝ። ትልቁ፣ ፍሬም ያለው።»

«ሮማውያን ፎቶ አልነበራቸውም» አሉ ሲስተር።

«ቢኖራቸው ይይዙ ነበር።»

ሲስተር ትንሽ አሰቡና፣ «እሱስ ይይዙ ነበር» አሉ። ሲሸነፉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀረው ልብስ ነው። የሮማውያን ቶጋ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ነው፤ የልጆችና የሹማምንቱ ጠርዙ ሐምራዊ ቀለም አለው። ልጆቹ ከቤትም ከጎረቤትም ጥለት ያለው ነጠላ ይዘው መጡ። ሲስተር ወጣትነታቸውን በገዳም ልብስ፣ ቀሪውን ዘመን በሹራብ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ነጠላ ትከሻቸው ላይ አርፎ አያውቅም። ስለዚህ ጥለቱ ወደ ላይ ይሁን፣ ደረትና አንገት ላይ ይታይ ብለው አዘዙ።

«ሲስተር፣ ነጠላ እንዲህ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው እኮ ለቅሶ ላይ ነው» አለች ሰሚራ።

«የት?»

«እዚህ።»

«እኛ ያለነው ሮማ ነው።»

መለከቱን ያመጣችው እሷው ሰሚራ ነበረች። አያቷ የሰፈሩ እድር ጥሩንባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥተው ጥሩንባ እየነፉ የሚለፍፉት ማለት ነው። ጥሩንባቸውን ለትምህርት ነው ብላቸው አዋሷት። እሷም የምትችለው አያቷ ሲነፉ ስትሰማ ያደገችውን ነው። ሌላ ዜማ አትችልም።

በበዓሉ ቀን እኔ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እደረድር ነበር። መንገድ ላይ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ግን ከብዙ ሰው ስለሰማሁት አስተካክዬ ልነግራችሁ እችላለሁ። ከግቢው መጀመሪያ የወጣው ጥሩንባው ነው። ከኋላው በሁለት ልጆች የተያዘው የአቶ ደሳለኝ ትልቅ ፎቶ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ተማሪዎች። ሲስተር ሮማዊ በሰልፍ ላይ አይስቅም፣ የሳቀ ዜሮ ያገኛል ስላሉ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ ብርቄ ጥሩንባውን ሰምታ ቀና አለች፣ ነጠላዎቹን አየች፣ ፎቶውን አየች።

«ደሳለኝ ነው?» አለች ናሆምን።

ናሆም ፎቶው የማን እንደሆነ የተጠየቀ መሰለው። ዜሮውን ፈርቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አላት።

እትዬ ብርቄ የራሷን ነጠላ አዘቀዘቀች፣ ሽንኩርቱን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ሰልፉን ተከተለች። ሱቆች መዝጊያቸውን ግማሽ ድረስ አወረዱ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰክቶ ወጣ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ከድር «እንዴት እኔ ሳልሰማ!» እያሉ፣ በስልክ ድንኳን እንዲወጣ እያዘዙ ደረሱ። ሲስተር ከመጨረሻው ተማሪ ኋላ እየመጡ የሕዝቡን ብዛት ሲያዩ ላቲን የሰው ልብ እንደገባ ነው ያሰቡት። ሰላሳ ዓመት የጠበቁት ቀን የመጣ መስሏቸው ነበር፤ ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

አዳራሹ ውስጥ አቶ ደሳለኝ ፊተኛው ረድፍ ላይ በሙሉ ልብስ ተቀምጠዋል። በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ እየተጋፋ ሲገባ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ ሐያት? ማስታወቂያ ማለት ይሄ ነው። ወንበር ጨምሪ።»

ወንበር ሳልጨምር እትዬ ብርቄ ደረቷን እየመታች ደረሰች። ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው ስታይ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። ከኋላዋ ያሉት ገና እያለቀሱ ነው፤ ልቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ሐጂ ከድር ሰው ገለል ገለል እያደረጉ ወደ ፊት መጡ።

«ደሳለኝ፣ አለህ እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ ሐጂ?»

«ሞተሃል ብለው እኮ ነው የመጣነው።»

«ማነው ያለው?»

ሐጂ ፎቶውን አሳዩዋቸው። «ያው አንተው ነሃ። ከፊት ከፊት እየመራህ አመጣኸን።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ወላጆቹም፣ ለቀስተኞቹም። አቶ ደሳለኝ አልሳቁም። ተነሥተው የተማሪዎቹን ነጠላ አንድ በአንድ ካዩ በኋላ በሩ አጠገብ ወደ ቆሙት ሲስተር ዞሩ።

«ሲስተር፣ ይሄ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። ሕዝብ ፊት ነው የተናገርኩት።»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። መጥረግ ግን አልጠረጉትም፤ እጃቸው ውስጥ ይዘውት ቀሩ። ያን ጊዜ ምን ያህል እንዳረጁ አየሁ። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው በወንበሮቹ መሀል አልፈው መድረኩ ላይ ወጡ።

«ለቀስተኞች» አሉ፣ «ሥራ ፈታችሁ፣ ሱቅ ዘግታችሁ መጥታችኋል። በከንቱ አትመለሱ። ሮማውያን ሰው ሲሞትባቸው አደባባይ ወጥተው ስለ እሱ ይናገሩ ነበር። ጉድለቱ ሟቹ አለመስማቱ ነው። ዛሬ ያ ችግር የለብንም። ደሳለኝ፣ ተቀመጥ። ሐጂ፣ ይጀምሩልን።»

አቶ ደሳለኝ ለምን እንደተቀመጡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሰው ስለ እሱ ምን እንደሚባል መስማት የማይፈልግ የለም መሰለኝ።

ሐጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ደሳለኝ እጅግ ደግ…»

«ከማን ጋር አወዳድረው ነው ሐጂ?»

ሐጂ ቆም አሉ። ጥያቄው ያናደዳቸው መስሎኝ ነበር፤ ግን እያሰቡ ነው። «እውነት ነው፤ ከማንም ጋር አላወዳደርኩትም» አሉ። «ክረምት ላይ የጎረቤታችን ለቅሶ የተቀመጥንበትን ድንኳን ጎርፍ ሲወስደው ሳንለምነው ግቢውን ከፍቶልናል። ክፍሎቹ ውስጥ አስገብቶናል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላውን አላውቅም።»

«ይበቃል። እትዬ ብርቄስ?»

«ዝናብ ሲመጣ ሽንኩርትሽን ወደ ውስጥ አስገቢ ይለኛል» አለች እትዬ ብርቄ። «እስኪያባራ ድረስ ግን ሲነጫነጭብኝ ነው የሚውለው።»

«ሁለቱንም ተቀብለናል።»

አንድ ወላጅ ተነሥቶ አቶ ደሳለኝ ልጁን በስሟ ጠርተዋት እንደማያውቁ ተናገረ። ሲስተር እሱንም ተቀበሉ። የጥበቃው ሠራተኛ የታመመ ጊዜ አቶ ደሳለኝ ራሳቸው ሆስፒታል ድረስ እንደወሰዱት ተናገረ። ማንም ሳይለምነው፣ ማንም «እጅግ» ሳይል፣ ሰው እየተነሣ ያየውን ተናገረ። አቶ ደሳለኝ መጀመሪያ እጃቸውን አጣጥፈው ነበር። በኋላ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወረደ። ሁሉም ሲያበቃ፣ «እርስዎስ?» አሉ። «እርስዎ ምን ይሉኛል?»

ሲስተር ከመድረኩ ላይ ሆነው አዩዋቸው። «ቦኑስ።»

ሰሚራ ለሕዝቡ «ጥሩ ማለት ነው» ብላ ተረጎመች።

«ጥሩ ብቻ?» አሉ አቶ ደሳለኝ።

«የተሻለ እንድልህ ከፈለግህ ክፍሉን አትዝጋ።»

«ከሁሉ የተሻለ ለመባልስ?»

«እሱን ስትሞት እናየዋለን።»

ክፍሉ አልተዘጋም። ሮቦቲክስም መጥቶ ሰፊውን ክፍል ወሰደ፣ ላቲን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ሲስተር እግራቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ፣ በተሰበሩ ወንበሮችና ተበላሽቶ በተጣለ አንድ ሮቦት መሀል አስተማሩ። ሮቦቱን «ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ ዝም ይላል» ይሉት ነበር፤ አወዳድረውም ነው። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የተማርኩትን ላቲን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሠንጠረዡን ሰቅዬዋለሁ። ልጆቹ ከእሳቸው ጋር ሲያወዳድሩኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊት ነው የሚነግሩኝ፤ እንዲህ ተደርገው ነው ያደጉት።

እናንተም ሞክሩት። በሕይወት ያለ አንድ ሰው ምረጡ፤ አለቃችሁ ቢሆን ጥሩ ነው። በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ደህና ሥራውን ፊቱ ቆማችሁ ንገሩት፤ ያላያችሁትን አትጨምሩለት። ትንሽ ቆይቶ «ይኸው ብቻ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም በሉና ቀጥሎ የሚያደርገውን እዩ።